ማማ በሌለው ሜዳ ላይ የምድር ምልክቶችን እንዴት እናነባለን?

ወደ ባሕር ዳር የሚበር አብራሪ ገና ጣና ሳይታየው በሬዲዮ ይጠይቃል፤ ከመቆጣጠሪያ ማማው ያለው ሰውም ነፋሱ ከየት አቅጣጫ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚነፍስ፣ በየትኛው መንደርደሪያ እንደሚያርፍና ከፊቱ ማን እንዳለ ይነግረዋል። ከዚያው ተነሥቶ፣ የጮቄን ተራራ በግራው ትቶ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ በአንድ አነስተኛ የደጋ ሜዳ ላይ የሚያርፍ አብራሪ ግን እንዲህ ያለ ድምፅ ላይሰማ ይችላል። በዓለም አቀፉ የኤርፖርቶች መለያ ዝርዝር ውስጥ ደብረ ማርቆስ ዲቢኤም፣ ሞጣ ደግሞ ኦቲኤ ተብለው ሰፍረው ይገኛሉ፤ ይሁን እንጂ አንድ ሜዳ መለያ ፊደል ስላለው ብቻ ማማና ተቆጣጣሪ አለው ማለት አይደለም። ማማ በሌለበት ቦታ የሚናገረው መሬቱ ራሱ ነው፤ አብራሪውም ከላይ ሆኖ ማንበብ አለበት።

መሬቱ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ ምልክት ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ይናገራል፤ ሌላው የሜዳውን ደንብ፣ ማለትም በየት በኩል ዞሮ በየት አቅጣጫ እንደሚታረፍ ያሳያል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሜዳው ዛሬ የሚያሳርፍ መሆን አለመሆኑን ይገልጻል። እኔ እስካየሁት ድረስ አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ምልክቱን ካለማወቅ ሳይሆን የአንዱን ጥያቄ መልስ ለሌላው ጥያቄ መልስ አድርጎ ከመውሰድ ነው። ሰው ደንቡን የሚያሳየውን ምልክት አይቶ የነፋሱን ነገር ያወቀ ይመስለዋል።

ከመነሣት በፊት

ንባቡ የሚጀምረው ከአየር ላይ ሳይሆን ከስልክ ነው። ከሜዳው አጠገብ የሚኖር ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ዘበኛው፣ ከየትኛውም ትንበያ የበለጠ ይጠቅማል፤ አጠያየቁ ግን መታወቅ አለበት። «ነፋሱ እንዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁት «ደኅና ነው» ይልዎታል። «አሁን እርስዎ ከቆሙበት ሆነው ሲያዩት የቤቱ ጭስ ወደ የት እየሄደ ነው? ወደ ወንዙ ነው ወይስ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ?» ብለው ቢጠይቁት ግን የሚሰጥዎ መልስ በካርታ ላይ ሊሰመር የሚችል ይሆናል። ቀጥሎም ሜዳው መዘጋቱን የሚያሳይ፣ በሜዳው ላይ የተነጠፈ የመስቀል ምልክት መኖሩን፣ ከብት መሰማራቱን፣ ትናንት ዝናብ መዝነቡንና በተለይም በጥቁር ዋልካ አፈር ላይ ያለ ሜዳ ከሆነ የሰው እግር የሚሰምጥ መሆኑን ይጠይቁ። የሰው ተረከዝ የሚቀብር ዋልካ የትንሽ አውሮፕላንን የፊት ጎማም ይይዛል።

ከዚያ በኋላ የከፍታውን ሒሳብ በወረቀት ላይ ይጻፉ። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 8,000 ጫማ ላይ ቢሆን፣ በተለመደው አሠራር የማረፊያው ዙር፣ ማለትም ከማረፍ በፊት ሜዳው የሚዞርበት መንገድ፣ የሚበረርበት ከፍታ ከመሬት 1,000 ጫማ በላይ ስለሆነ የከፍታ መለኪያው 9,000 ያነባል፤ ምልክቶቹን ለመመልከት ከሜዳው በላይ የሚታለፍበት ከፍታ ደግሞ ከመሬት 2,000 ጫማ ያህል በመሆኑ 10,000 ይሆናል። ቆላ ላይ ሠልጥኖ ወደ ጎጃም ደጋ የመጣ አብራሪ እነዚህ ቁጥሮች በጣም የበዙ ስለሚመስሉት ሳያውቀው ዝቅ ብሎ የመብረር ልማድ አለው።

ጨርቁ

ከምልክቶች ሁሉ የታወቀው ዊንድሶክ የሚባለው፣ በምሰሶ ላይ የተሰቀለ፣ ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ፣ ከአፉ ሰፍቶ ወደ ጭራው የሚጠብ ጨርቅ ነው። ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት እንደሚለው ርዝመቱ ከ3.6 ሜትር፣ የሰፊው አፉ ስፋት ደግሞ ከ0.9 ሜትር ማነስ የለበትም፤ ቢያንስ ከ300 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ መነበብም አለበት። ሁለት ቀለም ሲኖረው ብርቱካናማና ነጭ፣ ቀይና ነጭ ወይም ጥቁርና ነጭ ሆኖ በአምስት ቀለበት ይከፈላል፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀለበት ጠቆር ባለው ቀለም ይሆናሉ። ምሰሶውን ከሩቅ ለማግኘት የሚረዳው፣ በዙሪያው በመሬት ላይ የሚሠመረው 15 ሜትር ስፋት ያለው ነጭ ክብ ነው፤ ስለዚህ ከላይ ሲፈልጉ ጨርቁን ሳይሆን ክቡን ይፈልጉ፤ ክቡ ከተገኘ ጨርቁ ከመካከሉ ነው።

አነባበቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ ነፋሱ በአፉ ገብቶ በጭራው ይወጣል። አውሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ማረፍ ስላለበት፣ አብራሪው በጨርቁ ጭራ በኩል መጥቶ ወደ አፉ አቅጣጫ ያርፋል። ይህን እያወቁ በጭንቀት ሰዓት የሚገለብጡት ብዙዎች ናቸው፤ ዓይን የሚስበው የሚወዛወዘው ጭራ ስለሆነ ጭራው እንደ ቀስት ጫፍ «ወደዚህ ሂድ» የሚል ይመስላል። ለዚህ መድኃኒቱ አውድማን ማስታወስ ነው። ገበሬው ጤፉን በላይዳ ወደ ላይ ሲያነሣው ፍሬው ከእግሩ ሥር ይወድቃል፣ እብቁ ግን ጨርቁ ጭራውን ወደሚጥልበት ወገን ይሄዳል። ገበሬው እብቁ ዓይኑ እንዳይገባ ነፋሱን ከጀርባው ወይም ከጎኑ ያደርገዋል፤ አብራሪው ግን የሚያርፈው እብቁ ወደሚመጣበት ወገን ፊቱን ሰጥቶ ነው። አውድማ ላይ ያደገ ሠልጣኝ ይህን አንድ ጊዜ ከሰማ ዳግመኛ ሲሳሳት አላየሁም።

ጨርቁ አቅጣጫን ብቻ ሳይሆን ፍጥነትንም ይናገራል። በሰፊው የሚሠራበት ዓይነት ነፋሱ ሦስት ኖት ገደማ ሲደርስ ወደ ነፋሱ ይዞራል፣ 15 ኖት ማለትም በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ሙሉ በሙሉ ይወጠራል፤ ከዚህ በመነሣት አምስቱ ቀለበቶች እያንዳንዳቸው እንደ ሦስት ኖት ይቆጠራሉ። ሦስት ቀለበት ቀጥ ብሎ ሁለቱ ከተንጠለጠሉ ነፋሱ ወደ ዘጠኝ ኖት ነው ማለት ነው። ይህ ግምት እንጂ ልኬት አይደለም፤ በተለይም በእኛ ደጋ ላይ። ጨርቁን የሚያነሣው የአየሩ ግፊት ስለሆነና በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ በሞቃት ቀትር አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ከሩብ በላይ የሳሳ ስለሚሆን፣ በጠረፍ በ15 ኖት የሚወጠረው ጨርቅ በደጋው ላይ ለመወጠር ወደ 17 ወይም 18 ኖት ያህል ይፈልጋል። በክረምት ደግሞ ዝናብ የጠጣ ጨርቅ ይከብዳል። ሁለቱም ምክንያቶች የሚያሳስቱት ወደ አንድ ወገን ነው፤ ነፋሱ ከሚታየው ይበልጣል።

ስለ ጎን ነፋስ አንድ ፈጣን ሒሳብ በቃል መያዝ ይጠቅማል። ጨርቁ ከመንደርደሪያው መስመር በ30 ዲግሪ ካዘነበለ የነፋሱ ግማሽ ያህል ከጎን ይመታል፤ በ45 ዲግሪ ከሆነ ሰባት አሥረኛው፣ በ60 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ ዘጠኝ አሥረኛው ገደማ። አሥራ ሁለት ኖት ነፋስ በ30 ዲግሪ ቢመጣ የጎኑ ድርሻ ስድስት ኖት ነው፤ በ60 ዲግሪ ቢመጣ ግን ከአሥር ያልፋል።

ጨርቁን በጨረፍታ አይቶ ማለፍ አይገባም። ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ይመልከቱት። ጭራው ከወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ የሚወራጭ ከሆነ ነፋሱ ያልረጋና ብው የሚል ነው። በበጋ ቀትር ላይ በሁለቱ የሜዳው ጫፎች ያሉ ሁለት ጨርቆች ተቃራኒ አቅጣጫ ቢያሳዩ ሁለቱም እውነት ተናጋሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሞቀ አየር ከመካከላቸው ወደ ላይ ሲነሣ ከዙሪያው ያለው አየር ወደዚያው ይሰበሰባልና። ምሰሶው ከባሕር ዛፍ ተክል ጎን ከተተከለ ደግሞ ጨርቁ የሚነግርዎ የዛፉን ጥላ እንጂ የሜዳውን ነፋስ አይደለም። በጎጃም ባሕር ዛፍ ያልከበበው ሜዳ ማግኘት ስለሚያስቸግር ይህን ከልብ እንዲይዙት እመክራለሁ።

የኋላ ነፋስ በደጋ ላይ ለምን እንደሚከፋ በቁጥር ላሳይ። በፍጥነት መለኪያው ላይ 60 ኖት እያነበበ የሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን፣ ከላይ በጠቀስነው የሳሳ አየር ውስጥ በእውነቱ ወደ 70 ኖት ይሄዳል። የአምስት ኖት የፊት ነፋስ ካለ መሬት የሚነካው በ65፣ ያው ነፋስ ከኋላ ከሆነ ግን በ75 ነው። ብሬኩ ማቆም ያለበት ጉልበት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። በአቅጣጫ ስሕተት ብቻ ይህን ያህል ተጨማሪ መንደርደሪያ ይበላል።

ያልዞረው ጨርቅ

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም። በወጣትነቴ በአንድ ታኅሣሥ ወር፣ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ላይ ሁለተኛ አብራሪ ሆኜ በአንድ የጎጃም የሣር ሜዳ ላይ ስናርፍ፣ ጨርቁ አፉን ወደ ምሥራቅ ሰጥቶ ነበርና ወደ ምሥራቅ አቀናን። መሬቱ ከታች እንደ ጎርፍ ሲሮጥ ታየኝ፤ ነገር ግን ወጣት ነበርኩና አልተናገርኩም። ጎማው ከነካ በኋላ ነው ከአጥሩ ማዶ ከከሰል ማክሰያ የሚወጣውን ጭስ ያየሁት፤ ጭሱ እኛ ወደምንሄድበት ወገን ተኝቶ ከእኛ ጋር ይጋልብ ነበር። የቆምነው ከውኃ መውረጃው ቦይ ጥቂት እርምጃ ሲቀረን ነው።

ወርደን ወደ ምሰሶው ሄድን። ዘበኛው ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። «አያ፣ ይህ ጨርቅ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የቆመው?» አልኳቸው። «ከመስቀል ወዲህ ፊቱን አዙሮ አያውቅም፤ ዝናቡ ዘንጉን አዝጎት ይሆናል። እኔማ አውቃችሁ የምትመጡ መስሎኝ» አሉኝ።

ቀርቤ ሳየው ምልክቱ ሁሉ ነበረው። ጨርቁ በአፉ በኩል በብረት ቀለበትና በዘንግ የተያዘ ዓይነት ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀለበቶች ነፋስ ኖረም አልኖረም ተነፍተው ይቆማሉ፤ ከላይ ያየነው እነሱን ነበር። የቀረው ክፍል ግን ወደ ኋላ ታጥፎ፣ እንደ ረጠበ እጅጌ በራሱ ላይ ተጠምጥሞ፣ በምሰሶው ላይ ጣ ጣ ይል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አንደኛው፣ ሕያው ጨርቅ ትንሽም ቢሆን ከቀኝ ወደ ግራ መመላለሱ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ ሙሉ ምንም ያልተነቃነቀ ጨርቅ ያጠራጥራል። ሁለተኛው፣ ጭራው ከአፉ ጋር አንድ መስመር መሆኑ ነው፤ ከወገቡ የተሰበረ ጨርቅ ነፋስ በአፉ አልገባም።

ሌሎች ምስክሮች

ጎጃም ውስጥ የድንበር ክርክር በአንድ ሰው ቃል አይፈታም፤ ነፋስም እንዲሁ ነው። ከሜዳው ዙሪያ ጨርቁን የሚያጸኑ ወይም የሚያፈርሱ ምስክሮች ሞልተዋል።

ከሁሉ የሚታመነው ጭስ ነው። በአዊ በኩል፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ በማሳቸው ተክለው ከሰል ስለሚያከስሉ ጭስ በየአቅጣጫው ይገኛል። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ በኋላ ከፍ ብሎ የሚታጠፍ ከሆነ ከታች ያለው ነፋስ ደካማ፣ ከላይ ያለው ግን የተለየ ነው፤ ከጉድጓዱ አፍ ጀምሮ መሬት ላይ የሚጎተት ከሆነ ነፋሱ ብርቱ ነው። የጠዋት ጭስ ግን ሸለቆ ውስጥ ተኝቶ ሊቀር ስለሚችል ከፀሐይ መውጣት በፊት ያለውን ጭስ ለአቅጣጫ ብዙም አልጠቀምበትም።

በየትምህርት ቤቱ ግቢ የሚውለበለበው ሰንደቅ ዓላማ ሁለተኛው ምስክር ነው፤ ዝቅ ያለና በዛፍ የተከበበ ሊሆን ስለሚችል ለአቅጣጫ እንጂ ለፍጥነት አይመከርም። ያሸተ የስንዴና የጤፍ ማሳ ነፋስ ሲያልፍበት ማዕበል ይሠራል፤ ማዕበሉ የሚሮጥበት ወገን የጨርቁ ጭራ ወገን ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል በነፋስ ሲገለበጥ ነጣ ብሎ ከሩቅ ያብረቀርቃል። ወፎችም ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘው ይነሣሉ።

ከጣና አጠገብ ለሚበር ደግሞ ሐይቁ ራሱ ትልቅ ሰሌዳ ነው። ውኃው ለጥ ብሎ እንደ መስተዋት የተኛበት ዳር ነፋሱ የሚመጣበት ዳር ነው፤ ዳርቻው ከነፋስ ስለሚጋርደው ማዕበል የሚጀምረው ራቅ ብሎ ነውና። ታንኳዎች ተጠግተው የሚቀዝፉበትን ዳር ማየትም አንዳንዴ ያንኑ ይነግራል። ቀን ላይ መሬቱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋስ ከሐይቁ ወደ የብስ መንፈስ፣ ሌሊት ደግሞ ከየብስ ወደ ሐይቁ መመለስ ይቀናዋል። በጠቅላላው በበጋ የደጋው ነፋስ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ መምጣት ይቀናዋል፣ በክረምት ዝናብ ይዞ የሚመጣው ከደቡብ ምዕራብ ነው፤ ይህ ግን የወቅት ጠባይ እንጂ የዛሬ ከሰዓት በኋላ ዜና አይደለም። የደመና ጥላ በመሬት ላይ የሚሮጥበትን አቅጣጫ እንደ ምስክር የሚቆጥሩ አሉ፤ ጥላው የሚናገረው የደመናውን ከፍታ ነፋስ ስለሆነ እኔ አልቀበለውም።

ደንቡን የሚያሳዩት

የማረፊያ አቅጣጫ ምልክት የሚባለው፣ የፈረንጆቹን ቲ ፊደል የሚመስል፣ ነጭ ወይም ብርቱካናማ የሆነና እያንዳንዱ ክንዱ ቢያንስ አራት ሜትር የሆነ ቅርጽ ነው። ራሱ እንደተቆረጠ መስቀል ይቁጠሩት፤ የሚታረፈው ከግንዱ ጫፍ ተነሥቶ ወደ አግዳሚው ነው። አግዳሚውን እንደ አውሮፕላን ክንፍ፣ ግንዱን እንደ ጭራው አድርገው ቢያዩት፣ መሬት ላይ የተሳለው አውሮፕላን እርስዎ ማረፍ ባለብዎት አቅጣጫ ተቀምጧል።

በአሜሪካ አሠራር ለሠለጠኑ ሰዎች ሌላ ሁለት ነገር ይጨመራል። የመጀመሪያው ቴትራሄድሮን ነው፤ ረጅም ድንኳን የሚመስል፣ አንድ ጫፉ የሾለ ቅርጽ ሲሆን ሹሉ የሚታረፍበትን አቅጣጫ ያመለክታል። ሁለተኛው በጨርቁ ዙሪያ በተቆራረጡ ነጭ ሰሌዳዎች የሚሠራው ክብ ነው። ከክቡ ወደ ውጭ የሚወጡ፣ ማዕዘን የታጠፉ መስመሮች ካሉት፣ ከመንደርደሪያው ጋር ትይዩ የሆነው ክንድ የመጨረሻውን የማረፊያ መስመር፣ የታጠፈው ክንድ ደግሞ ከዚያ በፊት ያለውን ቤዝ የተባለውን መስመር ያሳያል፤ ከዚህም ዙሩ በግራ ይሁን በቀኝ ይታወቃል። መስመሮቹ ከሌሉ ዙሩ በግራ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲመሠረት ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲደብሊውኤ ጋር ስለነበር የአሜሪካ ቃላት በአብራሪዎቻችን አፍ ላይ ቢሰነብቱ አያስገርምም፤ በዓለም አቀፉ ሥርዓት ግን በቀኝ መዞርን የሚያዘው ከመንደርደሪያው አጠገብ ለምልክቶች በተለየው ትንሽ ሜዳ ላይ የሚቀመጥ፣ ወደ ቀኝ የታጠፈ ደማቅ ቀስት ነው።

አሁን በመግቢያው ወዳልኩት ልመለስ። ቲ እና ቴትራሄድሮን አንዳንዴ በነፋስ የሚዞሩ፣ አንዳንዴም በሰው እጅ የሚቀመጡ ናቸው። በእጅ የተቀመጠ ከሆነ የሚነግርዎ ያስቀመጠው ሰው ጠዋት ያሰበውን ነው። ጨርቁና ቲው ባይስማሙ፣ ስለ ነፋሱ ጨርቁን፣ ሌሎች አውሮፕላኖች ስለሚጠብቁት አቅጣጫ ደግሞ ቲውን ይመኑ፤ ሁለቱን ሳያስታርቁም አይውረዱ። ከፍ ብለው ይዙሩ፣ በሬዲዮ ይናገሩ፣ በአካባቢው ሌላ አውሮፕላን መኖሩን ይመልከቱ።

የመንደርደሪያው ቁጥር ራሱ ምልክት ነው። በመንደርደሪያው አፍ ላይ የሚጻፉት ሁለት አኃዞች የኮምፓስ አቅጣጫው ወደ ቅርብ አሥር ተጠጋግቶ መጨረሻው ዜሮ የተጣለለት ነው። የባሕር ዳሩ መንደርደሪያ በአንዱ ጫፍ 04፣ በሌላው 22 ይባላል፤ 04 ላይ የሚያርፍ ሰው አፍንጫው ወደ 40 ዲግሪ ማለትም ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ 22 ላይ የሚያርፍ ደግሞ ወደ 220 ዲግሪ ወይም ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው። ቁጥር ያልተጻፈበት የሣር ሜዳ ላይ ይህን ቁጥር ራስዎ ከካርታ አውጥተው መያዝ አለብዎት፤ ኮምፓሱን ከሜዳው ጋር የሚያመሳክሩት በዚህ ነውና።

ሜዳው ዛሬ ያሳርፋልን?

ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ግን የክልከላ ምልክት ነው። በዓለም አቀፉ ሥርዓት መሠረት ከመንደርደሪያው አጠገብ ዘጠኝ ሜትር በዘጠኝ ሜትር የሆነ የምልክት ሜዳ ሊኖር ይችላል። በዚያ ላይ ቀይ ካሬ ሆኖ ሁለት ቢጫ ሰያፍ መስመሮች የተሻገሩበት ምልክት ካለ ማረፍ ክልክል ነው፤ ክልከላውም የሚቆይ ነው። ያው ቀይ ካሬ አንድ ቢጫ ሰያፍ ብቻ ካለው ማረፍ ይቻላል፣ ነገር ግን የሜዳው ሁኔታ ክፉ ስለሆነ ልዩ ጥንቃቄ ያሻል።

ሁለት ምጣዶች በአንድ አግዳሚ እንደተያያዙ የሚመስል ነጭ ምልክት ካዩ፣ ማረፍም መነሣትም በምድር ላይ መሄድም በተዘጋጀው መንደርደሪያና ማኮብኮቢያ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው። በምጣዶቹ ላይ ጥቁር መስመር ካለባቸው ግን መነሣትና ማረፍ በመንደርደሪያው ላይ ይሁን እንጂ በምድር ላይ መሄዱ በዚያ አይወሰንም። የመጀመሪያውን ምልክት በክረምት ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም፤ ከመስመሩ ውጭ ያለው ዋልካ ነው።

በመንደርደሪያው ወይም በማኮብኮቢያው ላይ የተሳለ ወይም የተነጠፈ ነጭ ወይም ቢጫ የመስቀል ምልክት ያ ክፍል ለአውሮፕላን እንደማይሆን ያመለክታል። በአንደኛው ጫፍ ብቻ ከሆነ የቀረው ርዝመት ይበቃዎት እንደሆነ መመዘን የእርስዎ ነው። ከመንደርደሪያው አፍ በፊት ነጭ ቀስቶች ከተሳሉ በዚያ ክፍል ላይ አይታረፍም፤ ማረፊያው ከአፉ ወዲያ ይጀምራል።

ምልክት ያልተደረገባቸው ነገሮችም አሉ። ከብት፣ አህያ፣ በሜዳው ላይ አቋርጦ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው፣ የተሰጣ እህል። እህል ባለበት ደግሞ ርግብ አለ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ሲነሣ የነበረ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገብቶበት ሞተሮቹ ኃይል አጥተው፣ ጎማ ሳያወርድ መሬት ላይ ወድቆ ተቃጠለ፤ ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ትንሽ አውሮፕላን ይዞ የሚመጣ ሰው ከሜዳው በላይ ሲያልፍ መሬቱን መመልከት ያለበት ለጨርቁ ብቻ አይደለም።

ወደ ዙሩ መግባት

ከላይ ያለው ሁሉ በተግባር ሲውል እንዲህ ይሆናል። አሥር ማይል ያህል ሲቀርዎ ለሜዳው በተመደበው የሬዲዮ መስመር ማን እንደሆኑ፣ የት እንዳሉና ምን እንዳሰቡ ይናገሩ፤ መልስ ባይመጣም መናገሩን አይተዉ፣ ድምፅ አልተሰማም ማለት ሌላ አውሮፕላን የለም ማለት አይደለምና። ከመሬት 2,000 ጫማ ከፍ ብለው ሜዳውን ያቋርጡ። በመጀመሪያው ማቋረጥ የክልከላ ምልክትን ብቻ ይፈልጉ። በሁለተኛው ጨርቁን፣ ከዚያም ጭሱን ያመሳክሩ። አንድ ዙር ስለበዛብዎት ማንም አይስቅብዎትም።

አቅጣጫው ሲወሰን ዙሩ በማይሄድበት ወገን ወደ 1,000 ጫማ ይውረዱ፣ ከዚያም መንደርደሪያውን ተሻግረው ዳውንዊንድ ወደሚባለው፣ ከመንደርደሪያው ጋር ትይዩ ወደሆነው መስመር ይግቡ። ይህ መስመር ስሙ እንደሚያመለክተው ነፋሱን ከኋላ ይዞ የሚበረርበት ነው፤ ስለዚህ ንባብዎን የሚፈትኑበት የመጨረሻው ጥሩ ቦታ እዚህ ነው። ጂፒኤስ ካለዎት የምድር ፍጥነትዎ ከእውነተኛው የአየር ፍጥነትዎ መብለጥ አለበት። በደጋ ላይ የፍጥነት መለኪያው ራሱ አሳንሶ ስለሚያነብ፣ በመለኪያው ላይ 80 አይቶ በጂፒኤስ 94 ቢያገኙ «የኋላ ነፋስ አለኝ» ብለው አይደምድሙ፤ ያ ልዩነት የከፍታው ነው። በዳውንዊንድ ላይ 105፣ ተመልሰው ፋይናል በሚባለው የመጨረሻው የማረፊያ መስመር በተመሳሳይ የመለኪያ ፍጥነት 83 ካነበቡ ግን ነፋሱ ፊት ለፊት ነው፣ ንባብዎም ትክክል ነበር። የተገላቢጦሽ ከሆነ፣ ጨርቁ ምንም ቢል፣ ኃይል ሰጥተው ይነሡና እንደገና ይጀምሩ።

ነፋስ ጨርሶ ከሌለና ጨርቁ ከተንጠለጠለ የሜዳውን ተዳፋት ያስቡ። ብዙ የደጋ ሜዳዎች ያዘነበሉ ስለሆኑ በዝምታ አየር ወደ አቀበቱ ማረፍ፣ ወደ ቁልቁለቱ መነሣት ይመረጣል፤ ከአቀበቱ ጫፍ ተራራ ካለ ግን ዳግም ለመነሣት እንደማይመች ከመውረድዎ በፊት ይወስኑ። በፋይናል ላይ ሆነው ጨርቁን አንድ ጊዜ ደግመው ይመልከቱት። ከተክል ጥላ ሥር ሊገቡ ሲሉ ነፋሱ በድንገት ስለሚጠፋ ፍጥነትዎን ጥቂት አስቀርተው ይያዙ።

ካረፉ በኋላ

አውሮፕላኑን አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙረው በገመድ ይሰሩት፤ ሌሊት ነፋሱ ሊመለስ ስለሚችል ጭራውንም ይሰሩ። ከዚያ ወደ ምሰሶው ሄደው ዘንጉን በእጅዎ ያዙሩት። በቀላሉ ካልዞረ ግሪስ ይሻል፤ ጨርቁ የነጣ ወይም የተቀደደ ከሆነ ከላይ እንደማይታይ ለሚመለከተው ይንገሩ። ክቡ ሣር ከዋጠው ዘበኛው በኖራ እንዲያድሱት ይጠይቋቸው። ያን ጊዜ የዛገው ዘንግ የተፈታው በግማሽ ጣሳ ግሪስና በሩብ ሰዓት ሥራ ነበር፤ ዘበኛው መሰላሉን ይዘው፣ እኔ ከላይ ሆኜ። ስንጨርስ ጨርቁ ዞረና አፉን ወደ ምዕራብ ሰጠ።